የታይላንዱ «ላፕ» በሂሳብ መዝገባችን ሲመዘን

(በወርሃዊ ስብሰባችን የምግብና ጤና ተራ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የዚህ ወር የምግብና ጤና ተራ ለሂሳብ ክፍል ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። «እነሱ ደግሞ ስለ ደረሰኝ ካልሆነ ስለ ምን ሊያወሩ ነው?» ያላችሁም ነበራችሁ። እውነት ነው፤ እኛ የምግብ ባለሙያዎች አይደለንም። ሥራችን መደመርና መቀነስ፣ የገባውንና የወጣውን ማመሳከር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ይዘን የመጣነው ነገር ከዚሁ ከመዝገባችን የተነሳ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንጠይቃለን።

የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ ከመረዳጃ ሳጥናችን ለሕክምና የወጣውን ገንዘብ በየምክንያቱ ለይተን ጻፍን። አንድ ቃል እየደጋገመ መጣብን፤ «የደም ማነስ»። አንዷ እህታችን፣ ስሟን አንጠራም፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ዕቁቧን ልትጥል ተሰልፋ ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ መርምሮ የብረት እንክብል አዘዘላት። በኋላ ልንጠይቃት ቤቷ ስንሄድ፣ «እናንተ ቤት ሥጋ አይሠራም እንዴ?» አልናት። «ይሠራል እንጂ!» አለች። «ግን ሥጋው ለአባታቸውና ለልጆቹ ይደርሳል፤ እኔ መረቁን አጥቅሼ እበላለሁ። ይበቃኛል።» ከመካከላችን አንዳችንም አልተገረምንም። እኛም ቤት እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ተራው ሲደርሰን ጥያቄያችን ይህ ሆነ፦ ትንሽ ሥጋ ለብዙ ሰው፣ ሠሪዋንም ሳይዘል፣ እንዴት ሊዳረስ ይችላል? ታይላንድ ለተወሰኑ ዓመታት የኖረች አንዲት ደጋፊያችን ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያው ላፕን ላሳያችሁ» ብላ በማህበራችን ጓዳ ገብታ ሠርታ አበላችን። ስሙን ስንሰማ «ላብ?» ብለን መሳቃችን አልቀረም። በቃሪያው ብዛት በእርግጥም አላበን! እነሱ ዘንድ ግን የቃሉ ድምፅ «መልካም ዕድል» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም በሠርግና በአዲስ ዓመት ከማዕድ እንዳይጠፋ የሚፈለግ ምግብ ነው።

ላፕ ምንድን ነው?

ላፕ በይበልጥ የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ምግብ ነው። አካባቢው ኢሳን ይባላል፤ 20 ክፍላተ ሀገር አሉት፤ ከላኦስ የሚለየው በአብዛኛው የሜኮንግ ወንዝ ነው። የሁለቱ ወገን ሕዝብ በቋንቋም በምግብም ዘመዳሞች ስለሆኑ ላኦሶችም ላፕን የአገራቸው መለያ አድርገው ይቆጥሩታል። የኢሳን መሬት አሸዋማ ነው፤ ገበሬውም ሩዙን የሚያመርተው በአብዛኛው ዝናብ ጠብቆ ነው። ከዚያ አካባቢ ሥራ ፍለጋ ወደ ባንኮክ የወረደው ሰው ምግቡን ይዞ ስለሄደ ዛሬ ላፕ በዋና ከተማው መንገድ ዳር ሁሉ ይሸጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋው የበሬ፣ የአሳማ፣ የዶሮ፣ የዳክዬ ወይም የአሳ ሊሆን ይችላል። በመክተፊያ ላይ በከባድ ቢላዋ ደቆ ይከተከታል። ብዙ ጊዜ ጉበት ይጨመርበታል። ከዚያም በመጥበሻ ላይ በጥቂት ውሃ ብቻ፣ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ፣ እየተማሰለ ይበስላል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጨመቅበታል። «ናም ፕላ» የሚባል፣ አሳ በጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ፈሳሽ ማጣፈጫም ይገባበታል። ታምሶ የደቀቀ በርበሬ፣ በስሱ የተቆራረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ብዙ ናናና ሌላም ቅጠላ ቅጠል ይከተላል። ላፕን ላፕ የሚያሰኘው ግን የታመሰው ሩዝ ነው፤ ጥሬውን ሩዝ በደረቅ ምጣድ ቡናማ እስኪሆን አምሰው በሙቀጫ ሸርከት አድርገው ይወቅጡትና አንድ ሁለት ማንኪያ ይነሰንሱበታል። ሽታው ልክ እንደ ቆሎ ነው። ጭማቂውንም መጦ ይይዛል።

በሰሜን በኩል፣ በቺያንግ ማይ አካባቢ፣ ሌላ ዓይነት ላፕ አለ። እሱ ሎሚም የታመሰ ሩዝም የለውም፤ በደረቅ ቅመማ ቅመም ነው የሚሠራው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ኢሳኑ ነው።

ሲበላ ላፑ በሳህን መሐል ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው ከቀርከሃ ሙዳይ ተጣባቂ ሩዝ በእጁ ቆንጥሮ ያድበለብልና በሱ እያጠቀሰ ይበላል። ጎን ለጎን ጥሬ ጥቅል ጎመን፣ ኪያር፣ ረዣዥም ፎሶሊያና ቅጠላ ቅጠል ይቀርባል። ልብ በሉ፤ ሥጋው ደቋል፣ ከቅጠሉም ጋር ተቀላቅሏል። ፈረሰኛ የለ፣ ቅልጥም የለ፤ «ይህ የእገሌ ነው» ተብሎ የሚነሳ ቁራጭ የለውም። የዚያ አገር ሴቶች ሁሉ እኩል ይበላሉ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከሳህኑ አንዴ የጠቀሰ ሁሉ ሥጋም ቅጠልም ሎሚም አብሮ ይደርሰዋል። መረቅ ብቻ በልቶ መነሳት አይቻልም።

በገቢ ዓምድ የሚጻፈው

በጓዳችን የሠራነው ግማሽ ኪሎ ቀይ የበሬ ሥጋ ነው፤ አምስት ሰው በላው። ቁጥሮቹ እንደ ሥጋው ዓይነት ከፍና ዝቅ ስለሚሉ በግምት ያዙልን።

ፕሮቲን፦ 100 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ 21 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግማሽ ኪሎው ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰውም ይኸው ነው። 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በቀን ቢያንስ 44 ግራም ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ግማሽ ያህሉን ከአንድ ማዕድ አገኘች ማለት ነው።

ቫይታሚን ቢ12፦ ይህ ደም ለመሥራትና ለነርቭ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው፤ በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከአሳ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ይፈልጋል። ከላፑ ለአንድ ሰው 2 ማይክሮ ግራም ያህል ይደርሳል። የዚያን ቀን ፍላጎት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ዚንክ፦ ለቁስል መዳን፣ ለልጅ እድገት፣ ሕመምን ለመከላከል ይጠቅማል። ሴት በቀን 8 ሚሊ ግራም ስትፈልግ ከዚህ ማዕድ 4 ሚሊ ግራም ያህል ታገኛለች።

ብረት፦ እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 27 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። ለአዋቂ ወንድ 8 ይበቃዋል። እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ በብዙ ቤት ሥጋው መጨረሻ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ከላፑ የሚደርሳት ብረት 2 ሚሊ ግራም ተኩል ቢሆን ነው። «ይቺማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ግን የብረት ሂሳብ በመጠን ብቻ አይሠራም።

ብረት ሁለት ዓይነት ነው። ከሥጋ የሚገኘው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 35 በመቶው ወደ ሰውነት ይገባል። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ግን የሚገባው በጣም ያንሳል፤ ከ2 በመቶ እስከ 20 በመቶ ድረስ እንደ አብሮት የሚበላው ነገር ይለያያል። ሥጋና ቫይታሚን ሲ አብረውት ሲኖሩ የእህሉ ብረት ወደ ሰውነት የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ በላፕ ማዕድ ላይ ሥጋው የራሱን ብረት ከመስጠቱ ሌላ ለጎረቤቱም ዋስ ይሆናል። የእኛም የጤፍ እንጀራ ብረት ከእጽዋት ወገን ስለሆነ ይኸው ሕግ ይሠራበታል።

ቫይታሚን ሲውን ማን ያመጣዋል? ሁላችንም «ሎሚው» ብለን ነበር። ስናሰላው ግን አራት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን ግን 35 ሚሊ ግራም ያህል አለው። ስሙ የሎሚው ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው በዳር የተቀመጠው ጎመን ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት ስለሚያጠፋው ጎመኑ ጥሬ መቅረቡ፣ ሎሚውም ከእሳት ከወረደ በኋላ መጨመቁ ጥቅም አለው። ጥሬ የሚበላ ነገር ግን በንጹሕ ውሃ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ጉበት ሲጨመር ብረቱና ቢ12ቱ ከፍ ይላል። ጉበት ግን ቫይታሚን ኤ እጅግ ስለሚበዛበት ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ከማዘውተራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በዶሮ ደረት ሲሠራ ፕሮቲኑ አይቀንስም፤ ብረቱ ግን ከበሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። በታይላንድ ለጾመኛ ወይም ሥጋ ለማይበላ ሰው የእንጉዳይ ላፕ ይሠራል፤ እሱ ጣዕሙ ደህና ነው፣ ቢ12 ግን ከዚያ አይጠበቅም።

ሌላው ገቢ ከምግቡ የቀረው ነገር ነው። ዘይትና ቅቤ አልገባበትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ላለባቸው እናቶቻችን ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሥጋው የበሰለበት ውሃም ስለማይደፋ በውሃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች እዚያው ይቀራሉ።

በወጪ ዓምድ የሚጻፈው

ገቢውን ብቻ የሚያነብ ሂሳብ ሠራተኛ ሥራውን አልሠራም። ላፕ ሁለት ወጪ አለው።

የመጀመሪያው ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ናም ፕላ 1,400 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የመከረው የቀን ጣሪያ ከ2,000 በታች ነው። ሁለት ማንኪያ ለአምስት ሰው ሲካፈል እያንዳንዱ ሰው ከቀኑ ድርሻ ከሩብ በላይ በዚህ ብቻ ጨረሰ ማለት ነው። እኛ አንድ ማንኪያ ብቻ አድርገን ሎሚና ናና ጨመርንበት። የጎደለ ነገር መኖሩን ያወቀች የለችም።

ሁለተኛው ተጣባቂው ሩዝ ነው። ቶሎ ተፈጭቶ የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ስኳር ያለባት ሰው እዚያም ቢሆን የሩዙን መጠን አሳንሳ ቅጠሉን እንድታበዛ ትመከራለች።

ዕዳው

አሁን የምንናገረው ከወጪም የከፋ ስለሆነ ለብቻው ለየነው። ላፕ በጥሬውም ይበላል። ከጥሬ የበሬ ሥጋ፣ ከደምና ከሐሞት ጋር የሚሠራ አለ። ከጥሬ የወንዝ አሳ የሚሠራ «ኮይ ፕላ» የሚባል ዘመዱም አለ። ብዙ ሰው «ሎሚው ያበስለዋል» ብሎ ያምናል። ሎሚ የሥጋውን መልክ ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም።

በኢሳን ወንዞችና ኩሬዎች ባሉ ትናንሽ አሳዎች ውስጥ የሚኖር የጉበት ትል አለ። ሰው አሳውን በጥሬው ሲበላ ትሉ በሐሞት ቱቦው ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ትል ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። በዓለም ላይ ይህ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች ዋናው ይኸው ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ነው። በኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ በጉበት ቀዶ ሐኪምነት የሠሩት ዶክተር ናሮንግ ኩንቲኬው ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡት በዚሁ በሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቻቸው ጋር በየመንደሩ እየዞሩ ሰዉን መርምረዋል፣ «አብስላችሁ ብሉ» እያሉም አስተምረዋል። ከሁሉ የከበዳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በጥሬው የበሉትን አዛውንቶች ማሳመን ነበር።

ከጥሬ የአሳማ ሥጋና ደም ደግሞ ማጅራት ገትር የሚያመጣ ባክቴሪያ ይገኛል። ከሕመሙ የተረፉት ብዙዎቹ መስማት ተስኗቸው ይቀራሉ። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣውን እኛም እናውቀዋለን፤ የኮሶ ትል ነው። እናቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁርጥና ክትፎ የምንወድ ሰዎች ስለሆንን በታይላንድ ሰው ላይ የምንፈርድበት ፊት የለንም። አንድ ነገር ግን እንጨምር፦ ሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው ያለው ከላይ ነው፤ ሲከተከት ግን ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይቀላቀላል። ስለዚህ የተከተከተ ሥጋ ቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ መብሰል አለበት። የበሰለ ላፕ ፕሮቲኑም ብረቱም አብሮት አለ። በጥሬው ለመብላት የምንከፍለው ዕዳ ምንም ትርፍ አያስገኝልንም።

ሂሳቡ ሲዘጋ

ሚዛኑን ስንሠራ ያገኘነው ይህ ነው። ላፕ ተበስሎ፣ ጨዉ ተቀንሶ፣ ጥሬ ጎመን በጎኑ ሲቀርብ በ100 ግራም ሥጋ አንድን ሰው በሚገባ የሚጠቅም ምግብ ነው። ለወደቀችው እህታችን ግን መድኃኒት አይደለም። በቀን 18 ሚሊ ግራም ለሚያስፈልጋት ሴት አንድ ማዕድ 2 ሚሊ ግራም ተኩል ሰጥቶ ደሟን አይሞላውም። ደግሞም የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም። በታይላንድ በራሷ ታላሲሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ የደም ማነስ በብዛት አለ፤ ለእሱ ብረት መጨመር መፍትሔ አይደለም። ስለዚህ የሚያዞራት፣ የሚደክማት፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ ሁሉ አስቀድማ ትመርመር። የመረዳጃ ሳጥኑ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ኋላ ለሕክምና ከምናወጣው ይልቅ አሁን ለደም ምርመራ ማውጣት እንደሚረክስ መዝገቡ ይመሰክራል።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ሥጋ በገዛችሁ ቀን ጥሬ ጎመን ወይም ቲማቲምና ቃሪያ ከሎሚ ጋር ከማዕዱ አይጥፋ። ሁለተኛ፣ ቡናው ከምግቡ እግር ተከትሎ አይምጣ፤ ቡናና ሻይ የእህሉን ብረት ይይዙታልና አንድ ሰዓት ያህል እንቆይ። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ ሠሪዋ ትቀመጥ። ከሌላው ጋር እኩል ቀርባ ትብላ።

ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር እንንገራችሁ። ያን ቀን በጓዳ ላፑ ሲቀርብ ያቺ እህታችንም ከአምስቱ አንዷ ነበረች። እንደ ልማዷ ለሌሎቹ ልታቀርብ ተነሳች። «ሳህኑ መሐል ነው ያለው፤ ለማን ልታቀርቢ ነው?» አልናት። ግራ ገብቷት ቆመች፤ ከዚያ ተቀመጠችና በላች። ሲያልቅ ሳህኑን በጎመን ጠረገችው።

ያስተማረችንን ደጋፊያችንንና የመረዳጃ ሳጥኑን በየወሩ የምትሞሉትን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው ላፕ በጓዳ ተዘጋጅቷል፤ በደንብ በስሏል፤ የገዛንበት ደረሰኝም መዝገቡ ውስጥ አለ። ጥያቄ ያላችሁ እየበላን እንነጋገር።